ስለ ድመቲቱና ስለ ባናው

እንስሳ ዕቃን ሊያፈቅር ይችላልን? ቢችልስ፤ ሰው ዕቃን በማፍቀሩ ሲወቀስ እንስሳ የማይወቀስበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። በቤቴ ያለች አንዲት ድመት ጠየቀችኝና መልሱን እስካገኝ ድረስ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ነው። አንባብያን ነገሩን አቅልለው እንዳይንቁብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። በለዓምን የገሠጸችው አህያ ናት፤ ታካች ሰውም ከገብረ ጕንዳን እንዲማር የላከው ጠቢቡ ሰሎሞን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይጥ የብራና መጻሕፍቴን ጠርዝ እየቈረጠመ ቢያስቸግረኝ፤ ከጎረቤት አንዲት የድመት ግልገል አመጣሁ። ዐይኗን ከገለጠች ብዙ ቀን ያልሆናት፤ ገና ጡት ያልጣለች ነበረች። ባለቤቴ፤ «ጥቂት ትቈይ፤ እናቷን ትጥገብ» ብትለኝ፤ ለመጻሕፍቴ ሳስቼ ነበርና አልሰማኋትም።

ድመቲቱ አደገች፤ አይጡንም አጠፋች። ነገር ግን በመኝታ ቤቴ ባለው ሣጥን ላይ ታጥፎ በሚቀመጥ አንድ ባና ፍቅር ተያዘች። ሲመሽ ወደ ሣጥኑ ትወጣለች፤ ባናውን በሁለት የፊት እግሮቿ እያፈራረቀች እንደ ሊጥ ታሸዋለች፤ ዐይኗን ጨፍና ጫፉን በአፏ ይዛ እስኪርስ ድረስ ትጠባዋለች። በዚያን ጊዜ ሥጋ ይዘው ቢጠሯት እንኳ ዘወር ብላ አታይም። የበላችበት፤ የጠጣችበት፤ ያሳደጓት ሰዎች ሁሉ በፊቷ እንዳልነበሩ ይሆናሉ።

ባናው የእናቴ ነው። ጠጕሩን በእጇ ፈትላ፤ ለሸማኔ ሰጥታ አሠርታ፤ ለትምህርት ከቤት በወጣሁ ቀን በትከሻዬ ላይ የጣለችልኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ጫፉ ርሶ፤ ክሩ በጥፍር ተመዞ ባየሁ ጊዜ ተቈጣሁ። ድመቲቱን አባረርሁ፤ ባናውንም በሣጥኑ ውስጥ ቈለፍሁበት። እርሷ ግን ሦስት ሌሊት በሣጥኑ ሥር ስታለቅስ ዐደረች፤ ምግብም እንቢ አለች። እኔም፤ «ይህች ፍጥረት ምንኛ ሞኝ ናት! ከሱፍ ወተት ይገኝ ይመስል!» ብዬ ተናገርሁ። ባለቤቴ ጥጥ ትፈትል ነበርና እንዝርቷን ሳታቆም፤ «አንቱስ ባናውን መቼ ለብሰውት ያውቃሉ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ዝም ካልሁ በኋላ ግን መመርመር ጀመርሁ።

በመጀመሪያ የእንስሳትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት የሚሉትን ጠየቅሁ። የድመት ግልገል የእናቷን ሆድ በእግሮቿ የምትረግጠው ወተቱ እንዲወርድላት ነው። ከአደጉም በኋላ ብዙዎች ድመቶች ለስላሳ ነገር ባገኙ ጊዜ ይህን ልማድ አይተዉም። ሱፍ መጥባት ግን ከዚያ ያለፈ ነው፤ ሳያሜዝና በርሚዝ በሚባሉት የድመት ዘሮች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ከትውልድ የሚወረስ ነገር እንዳለበት ይታመናል፤ ከእናት ቶሎ መለየትም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓመት በፊንላንድ አገር ከአምስት ሺህ በሚበልጡ ድመቶች ላይ በተደረገ ምርመራ፤ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው የተለዩት ቍጡዎች ሆነው ሲገኙ፤ ከዐሥራ አራት ሳምንት በኋላ የተለዩት ግን አንድን ነገር ያለ ጥቅም እየደጋገሙ ከመሥራት ይልቅ የራቁ ሆነው ተገኝተዋል። ሐኪሞችም እንዲህ ያለችውን ድመት መምታትና መገሠጽ ሕመሟን ያብስባታል እንጂ አያድናትም ይላሉ። መጥባቱ ብቻ ከሆነ ብዙ አይጎዳትም፤ ክሩን የምትውጥ ከሆነ ግን አንጀቷን ሊዘጋባት ስለሚችል መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የከበደብኝ ግን በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን የትምህርት ቤት ሐሪ ሐርሎ የተባለው መምህር በ1958 ዓመት ያሳተመው ነው። ይህ ሰው የጦጣ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ለይቶ ሁለት ምስል አቆመላቸው። አንዱ ከሽቦ ብቻ የተሠራ፤ ሁለተኛው ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ ነበረ። ወተቱን በሽቦው እናት ላይ ባደረገላቸው ጊዜ፤ ሕፃናቱ ለመጥባት ያህል ወደ ሽቦው እየሄዱ፤ ከጠቡ በኋላ ግን ተመልሰው ቀኑን ሁሉ ጨርቁን ዐቅፈው ይውሉ ነበር። የሚያስፈራ ነገር ባዩ ጊዜም የሸሹት ወደ ጨርቁ ነው። በዚህም ፍቅር የሆድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ለዓለም ተገለጠ። እኛ ግን ሌላውን ጥያቄ እንጨምራለን፤ ይህ እውነት እንዲታወቅ እነዚያ ሕፃናት እናት አልባ መሆን ይገባቸው ነበርን? ይህን የማንም ልጅ ያሳደገች ባልቴት ያለ ምርመራ ታውቀው ነበር። ሐርሎን ከመውቀሴ በፊት ግን ራሴን አገኘሁት፤ እኔም ለመጻሕፍቴ ስል ያችን ግልገል ከእናቷ ጡት ነጥቄአለሁና። እርሱ ለዕውቀት አደረገው፤ እኔም ለዕውቀት አደረግሁት።

እንግዲህ ድመቲቱ የምታደርገውን እንደ መምህሮቻችን ልማድ እንተርጕመው።

ሱፉ ጡት መስሏት ነው፤ ይህ ስሕተት ነው ያሰኛል። አንድም፤ ሱፉ ጡት አለመሆኑን ታውቃለች፤ ነገር ግን ጡቱን ስላጣች የጡቱን ምሳሌ ይዛ ትጽናናለች፤ ይህም ኀዘን ነው ያሰኛል። አንድም፤ ጡቱንም ኀዘኑንም ከረሳች ቈይታለች፤ የቀራት ልማዱ ብቻ ነው፤ ይህም እስራት ነው ያሰኛል። ከሦስቱ የትኛው በድመቲቱ ልብ እንዳለ የፈጠራት ያውቃል። በሰው ላይ ግን ሦስቱም በተራ እንደሚፈጸሙ በራሴ አይቻለሁ። ዕቃን መውደድ በስሕተት ወይም በኀዘን ይጀምራል፤ በእስራት ይፈጸማል።

በቅኔ ቤት ተማሪ ከሚማረው አንዱ ሰሙን ከወርቁ መለየት ነው። ሰሙ የሚሰማው ቃል ነው፤ ወርቁ በውስጡ የተሰወረው ምሥጢር ነው። ሰሙ ባይኖር ወርቁ መፍሰሻ አያገኝም፤ ወርቁ ከወጣ በኋላ ግን ሰሙን ታቅፎ የሚቀመጥ ቢኖር ቅኔው አልገባውም ይባላል። ባናው ሰም ነው፤ የእናት ፍቅር ወርቅ ነው። ድመቲቱ ወርቁን ከማወቋ በፊት ተነጥቃለችና በሰሙ ብትቀር አይፈረድባትም። ወርቁን ጠጥቼ ያደግሁ እኔ ግን በሰሙ ላይ ቍልፍ ማኖሬ በምን ይመካኛል?

ምናልባት እንዲህ የሚል ይኖራል፤ «ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዕቃን ታከብር የለምን? መስቀሉን እንሳለማለን፤ ሥዕሉን እናከብራለን፤ የቅዱሳንን ዐፅም እንሳለማለን፤ የጳውሎስ ልብስ ጨርቅ ድውይ ፈውሷል። እንግዲያስ የእናትን ባና ማክበር ምን ነውር አለው?» መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከመጻሕፍት ይገኛል።

ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ባረገ ጊዜ መጐናጸፊያው ለኤልሳዕ ወደቀለት። ኤልሳዕ አጥፎ በሣጥን አላኖረውም፤ ዮርዳኖስን መታበት እንጂ። ውሃውም ተከፈለ፤ እርሱም ወደ ሥራው ተሻገረ። የመምህሩን ልብስ ማክበሩ የመምህሩን ሥራ በመሥራቱ ታወቀ። እንዲሁም ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናሱን እባብ ሰቀለ፤ ያዩትም ከመርዝ ዳኑ። ያው የናስ እባብ ግን ዘመን ካለፈ በኋላ እስራኤል ያጥኑለት ጀመር፤ ጻድቁ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው። ናሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ልብ ነው። በሙሴ ዘመን ዐይን በእርሱ ላይ ዐልፎ ወደ ፈጣሪ ይሄድ ነበር፤ በሕዝቅያስ ዘመን ግን በእርሱ ላይ ቆመ። እንግዲህ ዕቃን ማክበርና በዕቃ መታሰር የሚለዩት በዚህ ነው፤ የከበረ ዕቃ ያሻግራል፤ ጣዖት የሆነ ዕቃ ያስቆማል።

የዕቃው ማነስም አያድንም። በ13ኛው መቶ ዓመት ያዕቆብ ዘቮራጊኔ በሰበሰበው የቅዱሳን ታሪክ ውስጥ ስለ ሮም ሊቀ ጳጳሳት ስለ ታላቁ ጎርጎርዮስ የተነገረ አንድ ነገር አለ። አንድ ባሕታዊ ሁሉን ትቶ ከአንዲት ድመት በቀር ምንም አልነበረውም፤ እርሷንም በጭኑ አስቀምጦ ይደባብሳት ነበር። ዋጋው ከማን ጋር እንደሚሆን ቢጠይቅ «ከጎርጎርዮስ ጋር» ተባለ። እርሱም የእኔ ድህነት ከባለጠጋ ጋር ከተቈጠረ ምን ጠቀመኝ ብሎ አዘነ። የመጣለት መልስ ግን፤ ጎርጎርዮስ ሀብቱን ሁሉ ከሚወደው ይልቅ አንተ ድመትህን ትወዳለህ የሚል ነበረ። ባለጠጋ የሚያሰኘው መያዙ ሳይሆን መውደዱ ነውና። ስለዚህ የዛሬ ከተሜ በውድ ዕቃው፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም በእጁ በያዘው የስልክ ብርሃን ሲታሰር አይቼ እንዳልፈርድ፤ የእኔ ገመድ ከበግ ጠጕር የተፈተለ መሆኑን ማስታወስ ይገባኛል።

አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝን እናገራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ሌሊት ዝናብ ሲጥል አንድ የቈሎ ተማሪ በሬን መታ። ደበሎው ርሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። አስገባሁት፤ እራት አበላሁት፤ የሚለብሰውም ባጣሁለት ጊዜ ዐይኔ በሣጥኑ ላይ ባለው ባና ላይ ዐረፈ። ዐረፈ፤ ተመልሶም ዘወር አለ። አሮጌ ነጠላ አንሥቼ ሰጠሁት፤ «ይህ ይበቃሃል፤ ልጄ» አልሁት። እርሱም መርቆኝ ተኛ፤ ጥዋትም ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ ሳሉን ሰምቼ ነበር። እናቴ ያን ባና በትከሻዬ ላይ የጣለችልኝ እንደዚያ ያለ ተማሪ እንዳይበርደው ነበረ። እኔ ግን ለመታሰቢያዋ ብዬ የእርሷን ሐሳብ አፈረስሁ። ባለቤቴ «መቼ ለብሰውት ያውቃሉ?» ባለችኝ ጊዜ የሰማሁት የእርሷን ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ የዚያን ተማሪ ሳል ነው።

እንግዲህ ከላይ ለተጠየቀው ይህን መልስ አቀርባለሁ። እንስሳ ዕቃን ሲያፈቅር በአብዛኛው የሚመሰክረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ተነጠቀ ጡት፤ ስለ ብቸኝነት፤ ስለ ተዘጋ ቤት ይመሰክራል። ስለዚህ ወቀሳው ወደ አሳዳሪው ይመለሳል። ውሻውን ቀን ሙሉ ብቻውን አስሮ የሚውል፤ ግልገሏንም ሳትጠግብ የሚነጥቅ ሰው፤ እንስሳው ባረጀ ጫማና በጨርቅ ፍቅር ሲያዝ መሣቅ አይገባውም። የሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ሰው ዐዋቂ ስለ ሆነ የዕቃውን ወርቅ ሊጠይቅ ይቻለዋል። «ይህ ነገር የተሰጠኝ ለምን ነበረ? አሁንስ ያን ይሠራልን?» ብሎ መጠየቅ የተሰጠው ለእርሱ ብቻ ነው፤ ሳይጠይቅ ቢቀር የሚወቀሰው ስለዚህ ነው። ካህናት አባቶችም የሟች ልብስ ይዛ የምታለቅስ ነፍስ ወደ እነርሱ ስትመጣ፤ ልብሱን ፈጥነው እንዳይነጥቋት እለምናለሁ። ከሣጥን ሥር ሦስት ሌሊት ማልቀስ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ይልቅስ ወርቁን ቀስ ብለው ቢያሳዩአት ሰሙን በራሷ ፈቃድ ትለቀዋለች።

ባናውን ከሣጥን ካወጣሁት በኋላ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ይህን ያህል ዘመን ስለ ምጽዋት ያስተማርሁ ሰው መሆኔን ሳስብ አፍራለሁ። በመጨረሻ ድመቲቱ ስትጠባው የኖረችውን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ቈርጬ ለእርሷ ተውሁላት፤ እርሷ ወርቁን እንድታውቅ አልተፈጠረችምና ሰሙ ይብቃት። የቀረውን በደጀ ሰላም ለተገኘ አንድ ተማሪ አለበስሁት። የመጀመሪያው ተማሪ አይደለም፤ እርሱ ዳግመኛ አልተመለሰም። ባናው በልጁ ትከሻ ሆኖ ወደ ቍልቍለቱ ሲወርድ እያየሁ ቆምሁ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ እናቴን እንደዚያን ቀን አጥርቼ አይቻት አላውቅም።

ሰሙን ከወርቁ የምንለይበትን ልቡና፤ ለይተንም የምንሰጥበትን እጅ እግዚአብሔር ያድለን።