ማን ሠራው?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ካርቶን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በገና ሰሞን፣ ስቶክሆልም የምትኖረው እህቴ መጣችና ለልጄ ስጦታ ይዛለት መጣች። ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ካርቶኑ ላይ ድንጋይ የሚወጣ ባለትልልቅ ጎማ መኪና ይታያል። "አክስቴ መኪና አመጣችልኝ!" ብሎ እየዘለለ ሲከፍተው ግን መኪና የሚባል ነገር የለም። ያለው በትንንሽ ላስቲክ የታሸገ የፕላስቲክ ብትን ነው። ብዛቱ 958፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። እናቴ ብትኑን አየችና እህቴን "ይኼን ሁሉ መንገድ ተሸክመሽ የተሰበረ ታመጪለታለሽ?" አለቻት። ሳቅን።

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሌጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጡብ አገሩ ዴንማርክ ነው። ልጆች አንዱን ባንዱ ላይ እየሰኩ ቤትና ማማ ይሠሩበታል። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የመጣው "ቴክኒክ" የሚባለው ዘሩ ደግሞ ጥርስ፣ ዘንግ፣ ዲፈረንሻል ሳይቀር አለው። የልጄ መኪና እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጡት አንዱ ነው። የሚነዳው በስልክ ነው። ስልኩ በብሉቱዝ ያዛል፤ ሁለት ሞተሮች ጎማዎቹን ያዞራሉ፤ ሦስተኛው መሪውን ይመልሳል። አራቱም ጎማ ይጎትታል። ባጭሩ ጋራዥ ውስጥ ያለው ጉድ ሁሉ ተጨምቆ ጠረጴዛ ላይ መጣ በሉት።

ልጄ በየማታው የቤት ሥራውን ሲጨርስ ቁጭ ይላል። ብትኑ እንዳይንከባለልበት እናቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ተበድሯል። መመሪያው ፊደል የለውም፤ ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉን ያያል፣ ሰፌዱ ላይ ይለቅማል፣ ይሰካል። በእጄ ልነካ ስል "ቆይ አባዬ፣ ቆይ" ይለኛል። እኔም እቆያለሁ።

እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ቆየሁ።

በአሥረኛው ቀን ባትሪውን አስገብቶ ሞከረው። የፊት ጎማዎች ወደፊት፣ የኋላዎቹ ወደኋላ! መኪናው ባለበት ቆሞ እንደታሰረ በግ ይንፈራገጥ ጀመር። ልጁ ፈታ፣ ገጠመ፤ ያው ነው። በማግስቱም እንደዚያው። በሁለተኛው ማታ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ተሸክሜ ሳስተኛው በእንቅልፍ ልቡ "ነገ አገኘዋለሁ" አለኝ።

እኔ ግን ነገን አልጠበቅኩም። ሁሉም ሲተኛ መብራት አብርቼ ቁጭ አልኩ። ጥፋቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። የኋላው ዲፈረንሻል ተገልብጦ ገብቷል፤ በግራ መሆን የነበረበት ጥርስ በቀኝ ነው። ያን ለማስተካከል ግማሹን መኪና ፈታሁት። መልሼ ገጠምኩ። ከዚያማ እጄ ከገባ አይቀር ብዬ የቀረውን አካሉን፣ መከላከያውን፣ ጣሪያውን ሳይቀር ጨረስኩት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ ብሎኛል! እኔ የሽቦ መኪና ትውልድ ነኝ። ያረጀ ሸበጥ ቆርጠን ጎማ፣ ከአጥር የተረፈ ሽቦ ቆልምመን አካል፣ ረጅም ዘንግ አስረን መሪ የሠራን ልጆች ነን። እንዲህ ያለ መጫወቻ በዚያ ዕድሜዬ በሕልሜም አላየሁም።

ጠዋት ልጄ ተነስቶ አየው። "እንዴ!" አለ። ከዚያ ዝም አለ። ዞር ዞር ብሎ አየው። ስልኩን ሰጠሁት። ሳሎኑን አንዴ አዞረው፣ የሶፋ ትራስ ላይ አወጣው፣ አወረደው። "አመሰግናለሁ አባዬ" አለኝና ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። መኪናው ቡፌ ላይ ወጣ። እዚያው ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታችን የሆኑት ጡረተኛ መካኒክ ቡና ሊጠጡ መጡ። መኪናውን አዩና ዓይናቸው በራ። "ማን ሠራው ይኼን?" ልጄ ቀና ሳይል "አባዬ ነው" አለ። በቅሬታ አይደለም። በቁጣም አይደለም። ልክ "ዛሬ ማክሰኞ ነው" እንደሚባለው። አሥራ ሁለት ማታ የለፋበትን ሥራ በሁለት ቃል አስረከበኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይከነክነኝ ጀመር። ለመሆኑ እኔ ምን አጠፋሁ? አንዲት ፍሬ አልሰረቅኩም፤ 958ቱም ቡፌው ላይ አሉ። መኪናው ትናንት አይሄድም ነበር፣ ዛሬ ይሄዳል። ልጁ የተሻለ ነገር እንጂ የጎደለ ነገር አላገኘም። ታዲያ የወሰድኩበት ነገር ምንድነው?

እ.ኤ.አ. በ2008 ዳን አሪየሊና ሁለት ባልደረቦቹ፣ ኤሚር ካሜኒካና ድራዘን ፕሬሌክ፣ ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። የተጠቀሙትም በዚሁ በሌጎ ነው። ሰዎችን እያስቀመጡ በክፍያ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ያስገጥሟቸዋል። ለመጀመሪያው ሁለት ዶላር፣ ለሚቀጥለው አሥራ አንድ ሳንቲም ቀንሶ፣ እያለ ይወርዳል። ሰውዬው "በቃኝ" ሲል ያቆማል። ለግማሾቹ የጨረሱት ሁሉ ፊታቸው እየተደረደረ ይቀመጣል። ለሌሎቹ ግን አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን ሲጀምሩ የመጀመሪያው እዚያው ዓይናቸው እያየ ይፈታል። ክፍያው አንድ ነው፣ ሥራው አንድ ነው። ሆኖም የተደረደረላቸው በአማካይ 10.6 ሲሠሩ የሚፈታባቸው 7.2 ላይ "በቃን" አሉ። ገንዘቡን ማንም አልነካባቸውም። የተነካው ሌላ ነገር ነው።

ሙከራው ትንሽ ነው፤ ዓለምን ሁሉ አይመሰክርም። እኔ ቤት ግን ሠርቷል። እንዲያውም እኔ የባስኩ ነኝ። እነሱ የፈቱት ሰውዬው ዓይኑን ገልጦ እያየ ነው፤ እኔ የፈታሁት ተኝቶ ነው።

"እና ልጁ አቅቶት እያለቀሰ ይተኛ ነው የምትለው?" ትሉኝ ይሆናል። አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ያው አሪየሊ ከማይክል ኖርተንና ከዳንኤል ሞቾን ጋር ያሳተመው ሌላ ጥናት፣ ሰው በገዛ እጁ የገጠመውን ነገር ሌላው ከሚገምትለት በላይ ዋጋ እንደሚሰጠው ያሳያል። ነገር ግን ሥራው ሳያልቅ ሲቀር ያ ፍቅር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ልጅን ችግሩ ውስጥ ጥሎ መሄድም ደግነት አይደለም። ጥያቄው "ልርዳ ወይስ አልርዳ" አልነበረም። ጥያቄው "እርዳታዬ ሲያልቅ በልጁ እጅ ላይ ምን ይቀራል" የሚል ነበር።

ይኼንኑ ለመካኒኩ ጎረቤቴ አጫወትኳቸው። ሳቁብኝ።

"መጀመሪያ ነገር አንተም አልሠራኸው፣ ልጅህም አልሠራው። የሠሩት ፈረንጆቹ ናቸው። እናንተ ገጣጠማችሁ።"

"ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎስ አርባ ዓመት የሰው መኪና አይደል እንዴ ሲፈቱ የኖሩት?"

ትንሽ አሰቡ። "እውነትህን ነው። አንድም ሞተር አልፈጠርኩም። ግን ሲበላሽ ከየት እንደሚፈታ አውቃለሁ። ያ ነው የኔ። ረዳት ሳስተምር ጥፋቱን በዓይኔ እያየሁት ዝም እላለሁ። ቢበዛ 'የኋላውን አየኸው?' ብል ነው። አንተ ግን መፍቻውን ከልጁ እጅ ቀማኸው።"

እኔ በጥናት የፈለግኩትን እኚህ ሰው በመፍቻ ነገሩኝ። የአንድ ሥራ ባለቤት ቁሱን የፈጠረው ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡን ያመነጨው ብቻም አይደለም። የእኛ የሽቦ መኪናም ቢሆን ሽቦው የሰው፣ ቅርጹ ከላንድሮቨር የተኮረጀ ነበር። ግን ጎማው ሲወልቅ ማንንም አንጠራም። ሲበላሽ ከየት እንደሚፈታ የሚያውቅ ሰው፣ እሱ ሠርቶታል። ልጄ የዚያን ዲፈረንሻል ጥፋት ራሱ ቢያገኘው ኖሮ ጥርስ ለምን በግራ እንደሚሆን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም ነበር። እኔ የወሰድኩበት መኪናውን ሳይሆን ይኼን ነው። ይኼ ደግሞ ከሰፌድ ላይ ተለቅሞ አይመለስም።

የሚገርመው፣ የዚህ መጫወቻ አገር ራሱ የሚተርከው አንድ ታሪክ አለ። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ የቢሉንድ አናጢ እ.ኤ.አ. በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1934 ከሁለት የዴንማርክ ቃላት፣ "ሌግ ጎት" ከሚሉት፣ ስሙን አወጣለት፤ "ደህና ተጫወት" እንደ ማለት ነው። ድርጅቱ እንደሚተርከው አንድ ቀን ልጁ ጎትፍሬድ ደስ ብሎት መጣና ገንዘብ እንዳተረፈላቸው ነገረው። የእንጨት ዳክዬዎቹን ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ መቀባት ሲገባው ሁለት ጊዜ ቀብቶ ልኳቸዋል። አባትየው ምን አደረገ? ራሱ ሮጦ አላስተካከለም። ልጁን ወደ ባቡር ጣቢያ መልሶ ላከው፤ ዳክዬዎቹን አምጥቶ፣ ሦስተኛውን ቀብቶ፣ አሽጎ እንዲመልስ፤ ያውም ለብቻው። ዛሬ የምናውቀውን ጡብ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 ለባለመብትነት ያስመዘገበው ይኸው ጎትፍሬድ ነው። አባትየው በዚያው ዓመት በመጋቢት አረፈ። የዚያን ማታ ዳክዬዎቹን አባት ቢቀባለት ኖሮ ልጁ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ማን እንደቀባቸው ግን ዳክዬዎቹ አይናገሩም፤ የቀባው ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሁን ከእኔ ሳሎን እንውጣና ዙሪያችንን እንይ። የትምህርት ቤት "ፕሮጀክት" ሲታዘዝ ማን ነው የሚሠራው? አባት ካርቶን ይቆርጣል፣ እናት ኮላ ትቀባለች፣ ልጁ ቴሌቪዥን ያያል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ያሠራና ማታ ይረከባል። መምህሩም "ጎበዝ!" ብሎ አሥር ከአሥር ይሰጣል፤ ለማን እንደሰጠ ግን እሱም ያውቃል፣ ልጁም ያውቃል። ያ ልጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ ቢያስጽፍ ለምን እንገረማለን? ሥራ ማለት ጠዋት ተነስተው ተሠርቶ የሚያገኙት ነገር መሆኑን ያስተማርነው እኛ ነን።

መሥሪያ ቤት ሂዱ። የበታቹ የጻፈውን ደብዳቤ "አምጣው እኔ ላስተካክለው" ብሎ ከሥር እስከ ላይ የሚጽፍ አለቃ አለ። ዓመት ሳይሞላ "እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ሰው የለም" ይላል። እንዴት ይኑር! ገጠር ሂዱ። መልካም ሰዎች መጥተው የውሃ ፓምፕ ተክለው፣ ሪባን ቆርጠው ይሄዳሉ። አንዲት ጎሚኒ ስትበላ ፓምፑ ይቆማል፤ ከየት እንደሚፈታ የሚያውቅ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም። እናቶች ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ሁሉም ቦታ ያለው ደግ ሰው ነው፤ ሁሉም ቦታ የተቀማው መፍቻ ነው።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እንላለን። እውነት ነው፣ ለዛሬ እራት አይበቃም። ግን ልጁ ሳያቦካ ካደገ የነገውን እራት ማን ያቦካል? ችግራችን ሁልጊዜ ዛሬ ማታ ስለሚርበን ነው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚሉት አባቶችም ይኼን ሳያዩ አልቀሩም።

አንድ ቅዳሜ ልጄን ጠራሁትና እውነቱን ነገርኩት። "መኪናህን ተኝተህ ሳለ መፍታት አልነበረብኝም። አጥፍቻለሁ።" ለልጅ "አጥፍቻለሁ" ማለት ለእኛ አገር አባት ቀላል አይደለም፤ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ልጁ ቡፌውን ቀና ብሎ አየ። "ልፍታው?" አለኝ። "ያንተ ነው" አልኩት።

ሰፌዱ ተመልሶ ወረደ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። እኔ እጄን አጣምሬ ሶፋው ላይ ነኝ። ባትሪውን አስገባ። የፊት ጎማዎች ወደፊት፣ የኋላዎቹ ወደኋላ!

ጥፋቱ ከተቀመጥኩበት ሆኖ ይታየኛል። ምላሴን ነከስኩ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ልጁ ይፈታል፣ ይገጥማል። እጄ ብብቴ ሥር ሆኖ ይበላኛል። ብዙ ቆይቼ፣ እንደ ጎረቤቴ፣ "የኋላውን አየኸው?" አልኩት። ብቻ።

እናንተዬ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ከመሥራት ይከብዳል። እስቲ ሞክሩት።