አፍዝ አደንግዝ በቴሌቪዥን መስኮት

የሰው ልጅ በገዛ ፈቃዱ የፈጸመውን ድርጊት በሌላ ኃይል ማላከክ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ቀድሞ በሽንገላ ገንዘቡን የተነጠቀ ሰው «አፍዝ አደንግዝ አድርገውብኝ ነው» ይል ነበር። ይህን ሲል ከኪሳራው የሚያተርፈው ነገር ነበረው፤ ሞኝነቱ ተሰርዞለት ተበዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዘመን ሲለወጥ ክታቡና ድግምቱ ወደ ኋላ ቀርተው በምትካቸው የቴሌቪዥን መስኮት መጣ። በካርቱን ፊልሞች ውስጥ የሕዝብን አእምሮ በቴሌቪዥን የሚገዛ እኩይ ገጸ ባሕርይ ደጋግሞ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለመሆኑ ይህ ገጸ ባሕርይ የሚያስፈራው እውነትነት ስላለው ነውን? ወይስ ተመልካቹን ከኃላፊነት ስለሚያሳርፈው ይወደዳል?

ለዚህ ጥያቄ መመርመሪያ የሚሆን አንድ ሥራ አለ። የአሜሪካው ፒክሳር ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውና ብራድ በርድ የደረሰውና ያዘጋጀው «ኢንክሬዲብልስ 2» ነው። በፊልሙ ውስጥ ስክሪንስሌቨር የተባለ ጭምብል ለባሽ ይነሣል። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «በመስኮት ባሪያ ፈንጋይ» ማለት ይሆናል። ይህ ሰው በቴሌቪዥን ላይ በሚብለጨለጭ ብርሃን የተመልካቾችን ፈቃድ ነጥቆ እንዳሻው ያዛቸዋል። የፊልሙ ጀግና ኢላስቲገርል አሳድዳ ስትይዘው ግን ከጭምብሉ ሥር የተገኘው ራሱ የፈዘዘና ያደረገውን የማያውቅ ምስኪን የፒዛ አመላላሽ ነው። እውነተኛዋ ባሪያ ፈንጋይ ኢቭሊን ዲቨር የተባለች፣ ከወንድሟ ጋር ትልቅ ኩባንያ የምትመራ የመሣሪያ ፈልሳፊ ናት።

ኢቭሊን ለክፋቷ ምክንያት አላት። ወንበዴዎች ቤታቸውን በሰበሩ ጊዜ አባቷ ወደ መደበቂያው ክፍል መግባት ሲችል ጀግኖቹ ደርሰው ያድኑኛል ብሎ ስልክ ሲደውል ተገደለ። ወንድሟ ከዚህ ሞት «ጀግኖቹ ባይታገዱ ኖሮ አባታችን በዳነ» የሚል ትምህርት ወሰደ፤ እርሷ ደግሞ «ባይጠብቃቸው ኖሮ በዳነ» አለች። በጭምብል ለባሹ አፍ የምታሰማው ወቀሳም ከዚሁ የመነጨ ነው። ሰዎች መኖርን ትተው ሲኖር ማየትን መርጠዋል፤ መነጋገርን ትተው ሲነጋገሩ ያደምጣሉ፤ የሚያድናቸውንም ከወንበራቸው ሳይነሡ ይጠብቃሉ ትላለች።

ይህ ወቀሳ በእኩይ አፍ ስለተነገረ ብቻ ሐሰት አይሆንም። እውነቱ እውነት ነው። ስሕተቱ ያለው ከወቀሳው ቀጥሎ በሚመጣው ድርጊት ላይ ነው። ሰዎች ነጻነታቸውን አልተጠቀሙበትም ብላ የምታዝን ሴት ያንኑ ነጻነት ትነጥቃቸዋለች። ዕውር መንገድ ሳተ ብሎ በትሩን የሚሰብርበት ሰው አስተማሪ ሊባል አይችልም። ሕዝብን የሚንቅ ሰው ስለ ሕዝብ የተናገረው እውነት ቢሆን እንኳ ንቀቱ እውነቱን መርዝ ያደርገዋል። ምክንያቱም የናቁትን ሰው ማስረዳት አድካሚ መስሎ ስለሚታይ፣ ማዘዝ ይቀልላል።

ነገር ግን ብርሃን በእርግጥ አእምሮን ይገዛልን? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1997 በጃፓን «ፖኬሞን» የተባለው የካርቱን ፊልም አንድ ክፍል ሲተላለፍ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት እየተፈራረቀ በመብለጭለጩ 685 ያህል ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። «ኢንክሬዲብልስ 2» ራሱ በታየበት ጊዜ ብልጭልጭታው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ በሲኒማ ቤቶች ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። እንግዲህ ብርሃን ሰውነትን ሊጥል እንደሚችል አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ልጆች መካከል በብርሃኑ ምክንያት የማያምነውን ያመነ፣ ያልፈቀደውን የታዘዘ አንድም አልነበረም።

በአሜሪካ ጄምስ ቪከሪ የተባለ የገበያ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓይን በማያስተውለው ፍጥነት በሲኒማ መጋረጃ ላይ ትእዛዝ ብልጭ በማድረግ ሰዎች ፈንዲሻና ኮካ ኮላ በብዛት እንዲገዙ አደረግሁ ብሎ ነበር። ዓለም ደነገጠ። ቪከሪ በ1962 ማስረጃው እርባና እንደሌለው ራሱ አመነ፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። ይህ ወሬ የጸናው ሰው ስለሚፈራው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ስለሚያጽናናውም ጭምር ነው። በስውር ትእዛዝ የገዛ ሰው ስለ ምኞቱ አይጠየቅምና።

እውነተኛው የመስኮት ኃይል ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ዝግ ያለና ጩኸት የሌለው ነው። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆርጅ ገርብነር ለብዙ ዓመታት ባካሄደው ጥናት፣ ቴሌቪዥን አብዝተው የሚመለከቱ ሰዎች ዓለም ከሆነችው ይልቅ አስፈሪ መስላ እንደምትታያቸው አመልክቷል። በዚህ ውስጥ ድግምት የለም። ጠብታ ድንጋይን እንደሚቦረቡር ሁሉ ዕለት ዕለት የሚታየው ነገር ሳይታወቅ ልማድ ይሆናል፤ ልማድም አመለካከት። ስክሪንስሌቨር በአንድ ቅጽበት የሚነጥቀውን፣ እውነተኛው መስኮት በዓመታት ውስጥ በባለቤቱ ፈቃድ ጥቂት በጥቂት ይረከበዋል።

ይህ ማለት ግን ጥፋቱ ሁሉ የተመልካቹ ነው ማለት አይደለም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል፤ ተረቱ ሞኙን ቢያስጠነቅቅም ሞፈር ቆራጩን ከሌብነት አያነጻውም። መስኮቱን የያዘ፣ የሚታየውን የሚመርጥ፣ የሚደበቀውንም የሚወስን ሁሉ በሰው ልብ ደጃፍ መጥረቢያ ይዞ የቆመ ነው። ይህ የመንግሥትንም የነጋዴንም የኪነ ጥበብ ሰውንም እጅ ይመለከታል። ተውኔት በመድረክ ላይ ሲቀርብ ተመልካቹ ያጉረመርማል፣ ይስቃል፣ ይነሣና ይወጣል፤ ተዋናዩም ይህን ያያል። መስኮት ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። የማይሰማ ተናጋሪ ደግሞ አድማጩን እንደ ዕቃ ለመቁጠር ቅርብ ነው።

ተመልካቹም የበኩሉ ዕዳ አለበት። በፊልሙ ውስጥ የፈዘዙት ጀግኖች የሚድኑት ሌላ ሰው ማፍዘዣውን መነጽር ከዓይናቸው ላይ ሲያነሣላቸው ነው። በኑሮ ውስጥ ግን መነጽሩ ያልተቸነከረ፣ በገዛ እጅ የተጠለቀ ነው። የሚያዩትን መጠየቅ፣ ያዩትን ከጎረቤት ጋር መከራከር፣ ያላመኑበትንም አለማመን የማንንም ፈቃድ አይሻም። ዓይን መልእክተኛ ነው፤ ዳኛው ኅሊና ነው። መልእክተኛው ያመጣውን ሁሉ ሳይመረምር የሚያጸድቅ ዳኛ፣ ተታለልሁ ቢልም ፍርዱ የራሱ ፍርድ ነው።