እንደ ሆነ ይቆጠራል፦ የአሜሪካ ሴኔት የአንድ ቀን ውሎና የዝምታ ስምምነት

የአሜሪካን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ በተለምዶ አጠራሩ ሴኔትን፣ የአንድ ተራ የሥራ ቀን ውሎ ከመዝገብ የሚከታተል አንባቢ ከተደረጉት ነገሮች ይልቅ ሳይደረጉ እንደ ተደረጉ የሚቆጠሩት በዝተው ያገኛቸዋል። ሰብሳቢው ወንበሩን ይይዛል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ለሰንደቅ ዓላማ የታማኝነት ቃል ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ባለፈው ምሽት በተያዘው ስምምነት መሠረት ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ እንደ ጸደቀ፣ “የማለዳ ሰዓት” የተባለው ለአቤቱታና ለሪፖርት የተመደበው ጊዜ ሳይጀመር እንዳለቀ፣ የሁለቱ ፓርቲ መሪዎች የመናገሪያ ጊዜም ለኋላ እንደ ተጠበቀላቸው ይቆጠራል። በሐቅ ያልሆነውን ነገር ሕግ እንደ ሆነ አድርጎ የሚይዝበትን ይህን ዘዴ የሕግ አዋቂዎች የሕግ ልብ ወለድ ይሉታል፤ የፍልስፍናው ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው። አንድ ጉባኤ እንዳልሆነ እያወቀ ሆኗል ብሎ የሚመዘግበው ነገር ከውሸት የሚለየው በምንድን ነው?

ከእነዚህ ልብ ወለዶች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቀኑ ራሱ ነው። ሴኔቱ ሁለት ዓይነት ቀን አለው፤ አንዱ ሰው ሁሉ በቀን መቁጠሪያ የሚከተለው ሲሆን፣ ሌላው “የሕግ ማውጫ ቀን” የሚባለውና ምክር ቤቱ ስብሰባውን በይፋ እስኪዘጋ ድረስ የሚዘልቀው ነው። አባላቱ ማታ ሲለያዩ ስብሰባውን ሳይዘጉ ለዕረፍት ብቻ ከወጡ፣ በማግስቱ ሲመለሱ ለመዝገቡ ያው የትናንቱ ቀን ነው። በምክር ቤቱ ታሪክ ረጅሙ የሕግ ማውጫ ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1980 ተጀምሮ ጁን 12 ቀን 1980 ያበቃ ሲሆን፣ 162 የቀን መቁጠሪያ ቀናትን ፈጅቷል። ፀሐይን በገባዖን ያቆመው ኢያሱ አምላኩን መለመን አስፈልጎት ነበር፤ ለሴኔቱ አንድ ሞሽን በቅቶታል።

የዚህ ምክንያት ጨዋታ አይደለም። የምክር ቤቱ ደንብ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ማንም አባል በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድ የሕግ ማውጫ ቀን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይናገር ስለሚከለክል፣ የማያልቅ ቀን ሥራ ለማጓተት የሚናገሩትን ሰዎች ተራ ቶሎ ያሟጥጠዋል፤ አዲስ ቀን ግን ተራውን ያድሳል፣ የማለዳውን ሰዓትና በእርሱ ውስጥ የሚነሡትን ሥነ ሥርዓቶችም ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 ደግሞ የአሠራር ደንቡ እንዲሻሻል የፈለጉ አባላት ደንብ በአዲስ ምክር ቤት የመጀመሪያ ቀን በቀላል አብላጫ ድምፅ ሊለወጥ ይችላል ብለው ይከራከሩ ስለ ነበር፣ ያ “የመጀመሪያ ቀን” ከጃንዋሪ 5 እስከ ጃንዋሪ 25 ሳይመሽ እንዲቆይ ተደርጓል።

እዚህ ላይ ልማድንና ልብ ወለድን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የአበሻ ሰዓት ከንጋት ይነሣል፣ የአይሁድ ዕለት ከፀሐይ መጥለቅ ይጀምራል፣ የአውሮፓው ቀን ከእኩለ ሌሊት ይቆጠራል፤ ከእነዚህ አንዱም ሐሰት አይደለም፣ መነሻን የመምረጥ ጉዳይ ነውና። የሕግ ማውጫው ቀን ግን መነሻ አይመርጥም፤ መጨረሻን ይክዳል። በደንቡ ውስጥ “ቀን” የሚለው ቃል የገባው የተናጋሪውን ትዕግሥትና የሰሚውን ጆሮ በሰው አቅም ለመለካት ሆኖ ሳለ፣ ደንቡን የሚሠሩበት ሰዎች ቃሉን ጠብቀው መለኪያውን ይጥሉታል። ስለዚህ ጥያቄው የአቆጣጠር ብቻ ነው ብሎ መገላገል አይቻልም።

አሜሪካዊው የሕግ ፈላስፋ ሎን ፉለር እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 ስለ ሕግ ልብ ወለድ ባወጣቸው ጽሑፎች የሰጠው መልስ ብዙዎችን አጥግቧል፤ ልብ ወለድ ማንንም ለማታለል ስላልታሰበና ሐሰትነቱን ሁሉም ስለሚያውቀው ከውሸት ይለያል የሚል ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሁሉም የሚያውቀው ሐሰት እንኳ ሰውን ሊጎዳ ይችላል፤ በፍርሃት በሚገዛ አገር በምርጫ መቶ በመቶ ተመረጥሁ የሚል ገዥ ማንንም አያታልልም፣ ንፁሕ ነው የሚለው ግን የለም። እንግዲህ ከማወቅ በላይ ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ከምልዓተ ጉባኤ አሠራር በግልጽ ይታያል።

ምልዓተ ጉባኤ ማለት ጉባኤው ሥራ ለመሥራት ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የአባላት ቁጥር ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይህን ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ያደርገዋል፤ መቶ አባላት ባሉት ሴኔት 51 መሆኑ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተናጋሪ፣ አንድ ሰብሳቢና ጥቂት ጸሐፊዎች ብቻ ይታያሉ፤ ሌሎቹ በኮሚቴ፣ በቢሮ ወይም በመንገድ ላይ ናቸው። ሆኖም 51ዱ እንዳሉ ይቆጠራል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አንድ አባል ተነሥቶ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ጸሐፊው የአባላቱን ስም አንድ በአንድ፣ እጅግ በዝግታ መጥራት ይጀምራል፣ ስብሰባውን በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ጣቢያም ክላሲካል ሙዚቃ ያሰማል። ጥሪው ብዙውን ጊዜ ሰው ለመቁጠር ሳይሆን ከመጋረጃ በስተጀርባ ድርድር እስኪያልቅ ጊዜ ለመግዛት ስለሚውል፣ ነገሩ ሲያልቅ ጥሪው ራሱ በስምምነት ይሰረዛል። ልብ ወለዱን የሚያፈርሰው ሥነ ሥርዓት ሳይቀር ልብ ወለድ ሆኗል ማለት ነው። ቢሆንም ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ ግምቱን ማፍረስ የሚችል ሰው አለ፣ ለማፍረስም ከአንድ ሰው በላይ አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ መካከል የጠዋቱ ጸሎት ለብቻው ይቆማል። ሴኔቱ እ.ኤ.አ. ከ1789 ጀምሮ የራሱ የጸሎት አገልጋይ አለው፤ የመጀመሪያው የኒው ዮርክ ኤጲስ ቆጶስ ሳሙኤል ፕሮቩስት ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮም የቀድሞው የባሕር ኃይል አድሚራል፣ አድቬንቲስቱ ባሪ ብላክ በቦታው ተተክተዋል። መንግሥትና ሃይማኖትን በለየ ሕገ መንግሥት ሥር ደመወዝተኛ ካህን መኖሩ ያከራክራል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 የነብራስካ ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ካህን ጉዳይ ሲዳኝ ልማዱ ከአገሪቱ ምሥረታ ጀምሮ የነበረ ነው በሚል አጽድቆታል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነጥብ ነው። በመደበኛው የሥራ ቀን ቃለ ጉባኤው ሳይነበብ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል፤ ጸሎቱ ግን በእርግጥ ይጸለያል። ልብን በሚመረምር ፊት “ጸልየናል ተብሎ ይያዝልን” ማለት ምን ያህል እንደሚያስቅ፣ እምነቱ የሌለውም ሰው ሳይረዳው አይቀርም።

ወደ ቀኑ መጨረሻ ሲደረስ እጅግ ብዙ ሥራ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። አንድ አባል ባዶ ሊባል በሚችል አዳራሽ ቆሞ ከወረቀት ያነባል፤ ይህ ረቂቅ ሕግ ሦስተኛ ጊዜ እንደ ተነበበ ይቆጠርና ይጽደቅ፣ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅ ሞሽንም እንደ ቀረበና እንደ ተዘጋ ይቆጠር ይላል። ሰብሳቢው ተቃውሞ መኖሩን ጠይቆ፣ ካልሰማ፣ ተወስኗል ይላል። የመጨረሻው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ማንም ያላቀረበው ሞሽን ቀረበ ይባላል፣ ማንም ያልተከራከረበት ደግሞ ወደቀ ይባላል፣ ይህም የሚሆነው ነገ አንዱ ተጸጽቶ እንዲህ ያለውን ሞሽን እንዳያመጣ በሩን ለመዝጋት ነው። ያልተፈጸመ ድርጊት እውነተኛ ውጤት ይኖረዋል። ይህ አሠራር ሙሉ ስምምነት ይባላል፤ ሙሉ የሚያደርገው የመቶ ሰዎች “አዎን” ሳይሆን የአንድ ሰው “አይሆንም” አለመኖር ነው።

ታዲያ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል? ጥያቄው ከሴኔቱ በብዙ ዘመን ይቀድማል። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ቦኒፋስ ስምንተኛ እ.ኤ.አ. በ1298 ባወጡት የቀኖና ስብስብ መጨረሻ ከተደረደሩት የሕግ መርሖች አንዱ ዝም ያለ እንደ ተስማማ ይታያል ሲል፣ ወዲያው የሚከተለው ዝም ያለ ሰው አላመነም፣ ግን ደግሞ አልካደም ብሎ የፊተኛውን ያለዝበዋል። የእስልምና ፍቅህ ሊቃውንት የበለጠ ያብራሩታል፤ ኦስማኖች በ19ኛው መቶ ዘመን ባጠናቀሩት መጀላ እንደ ሰፈረው፣ ዝም ላለ ሰው ቃል አይለጠፍበትም፣ ነገር ግን መናገር በሚገባበት ቦታ ዝም ማለት እንደ መናገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ውል የቀረበለት ሰው ዝምታ በመርሕ ደረጃ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ደንግጎ፣ ለጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ቦታ ይተዋል። ሦስቱም ከአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ዝምታ በራሱ ባዶ ነው፣ ትርጉም የሚሰጠው ዝም ያለው ሰው ያለበት ሁኔታ ነው።

ፈላስፎቹ የተጣሉት በዚሁ ላይ ነው። ጆን ሎክ በአንድ አገር ግዛት ውስጥ የሚኖር፣ በመንገዱም የሚሄድ ሰው በዝምታ ለመንግሥቱ ተስማምቷል አለ፤ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ሲመልስ፣ ተኝቶ ሳለ መርከብ ላይ የተጫነ ሰው ወደ ባሕር ዘሎ መሞት ይችል ስለ ነበር ብቻ ለመርከቡ አለቃ ፈቅዷል እንደ ማለት ነው ብሎ ነቀፈው። ከሂዩም ነቀፌታ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ይወጣሉ፤ ዝም ያለው ነቅቶ የሚሆነውን ያወቀ፣ እንቢ ማለት የሚችል፣ የእንቢታውም ዋጋ ሞት ያልሆነ መሆን አለበት። ልብ ወለድን ከውሸት የሚለየው፣ ፉለር ካለው ዕውቀት ጋር፣ ይህ የማፍረስ አቅም ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በራሱ መንገድ ከዚህ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ፕሬዝዳንት ባራክ ኦባማ ሴኔቱ ዕረፍት ላይ ነው ብለው ለብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ሦስት አባላትን ሲሾሙ፣ ሴኔቱ በየጥቂት ቀናቱ አንድ አባል መጥቶ ከፍቶ የሚዘጋውን ለይስሙላ የሚመስል ስብሰባ ያደርግ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሹመቱን ሲሽር፣ ሴኔቱ በራሱ ደንብ መሠረት ሥራ የመሥራት አቅም እስካለው ድረስ ተሰብስቤያለሁ ባለ ጊዜ ተሰብስቧል አለ፤ ማስረጃም አድርጎ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2011 እንዲህ ባለ ስብሰባ በሙሉ ስምምነት ሕግ መጽደቁን ጠቀሰ።

በሴኔቱ ውስጥ ቅድመ ሁኔታዎቹ እንዲሟሉ የሚያደርግ ሥርዓት አለ። አንድ ረቂቅ በዝምታ ከመጽደቁ በፊት የየፓርቲው ሠራተኞች ለአባላቱ ቢሮዎች ሁሉ ማስታወቂያ ይልካሉ፤ የሚቃወም ካለ ያን ጊዜ ያሳውቃል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ መላክና ማወቅ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2022 የበጋውን የሰዓት አቆጣጠር ዓመቱን ሙሉ ቋሚ የሚያደርግ ረቂቅ በሙሉ ስምምነት ሲያልፍ፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ጉዳዩ መቅረቡን እንዳላወቁ በኋላ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። የሂዩም ተኝቶ የተጫነ ሰው ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ መርከቡን የሚነዱት መሆናቸው ነው። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት ስላልታየ ሕግ አልሆነም።

የእንቢታው ዋጋ ደግሞ በጣም ሲረክስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የአላባማው ሴናተር ቶሚ ተበርቪል እ.ኤ.አ. በ2023 የመከላከያ ሚኒስቴርን የፅንስ ማቋረጥ የጉዞ ወጪ መመሪያ በመቃወም ከ400 በላይ የጦር መኮንኖች ሹመት በጅምላ እንዳይጸድቅ ለወራት አግደዋል፤ እያንዳንዱን በተናጠል ድምፅ መስጠት ይቻል ነበር፣ ጊዜው ግን አይበቃም። ሰውየውን የነቀፉት ብዙዎች ናቸው። አሠራሩን በሚመረምር ዓይን ግን፣ የሌሎቹ ቀናት ዝምታ እውነተኛ ስምምነት መሆኑን ያረጋገጠው ይኸው አስቸጋሪ እንቢታ ነው፤ ማንም ሊጥሰው የማይችል ሙሉ ስምምነት ቢኖር ኖሮ ቀድሞ የተባለው የመቶ በመቶ ምርጫ ይሆን ነበር።

እስካሁን የተባለው ግን በአዳራሹ ውስጥ መቀመጫ ላላቸው ሰዎች ብቻ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ሴኔቱ በትግራይ የነበረው ግጭት እንዲቆም የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ በሙሉ ስምምነት አሳልፏል። ይህን ዜና የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ፣ መቶ እጅ በአንድነት ሲነሣ ሊታየው ይችላል፤ በአሠራሩ ግን የማንም ስም አልተጠራም። ይህ የውሳኔውን ክብደት ዜሮ አያደርገውም፤ መቶ ቢሮዎች ማገድ ሲችሉ አላገዱትም፣ እርሱም አቋም ነው። የሚለካው ግን በመቶ ሰዎች ቁጣ ወይም ርኅራኄ ሳይሆን በመቶ ሰዎች አለመቃወም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ልብ ወለድ ውክልና ነው፤ ሴናተሩ ሲገኝ ሕዝቡ እንደ ተገኘ፣ ሴናተሩ ዝም ሲል ሕዝቡ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ይህን ግምት ሕዝቡ የሚያፈርሰው በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ በሚመጣ ምርጫ ነው፤ መዘግየቱ ቢያሳስብም አቅሙ አለ። ምክር ቤቱ ራሱ በሚቀመጥባት ከተማ ግን ያም የለም። እ.ኤ.አ. በ2020ው ቆጠራ ወደ 690,000 የሚጠጋ ነዋሪ የተመዘገበባት የኮሎምቢያ ዲስትሪክት ክፍለ ግዛት ስላልሆነች ሴናተር የላትም፤ ሴኔቱ በእርሷ ሕጎች ላይ ግን ሥልጣን አለው፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የከተማዋ ምክር ቤት ያሻሻለውን የወንጀል ሕግ በ81 ለ14 ድምፅ ሽሮታል። በዚያ የድምፅ ቆጠራ ውስጥ የነዋሪዎቹ ዝምታ እንኳ አልተቆጠረም፤ በስማቸው ዝም የሚል ሰው አልነበረምና። የጆርጂያ ጎዳና ከከተማዋ ተነሥቶ ወሰኑን አልፎ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባት ወደ ሜሪላንድዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል፤ ከወሰኑ ማዶ ቤት የተከራየ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በሴኔቱ ሁለት ተወካዮች ሲኖሩት፣ በዚያው ጎዳና ላይ ከወሰኑ ወዲህ የሚኖረው ወንድሙ አንድም የለውም።