ስለ ዕድልና ስለ ችሎታ፤ ለፑል ተጫዋቾች የተጻፈ ምክር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ወይም በገርጂና በመገናኛ ብታልፍ፥ ከትምህርትና ከሥራ የወጡ ወጣቶች የፑል ጠረጴዛ ከብበው ታያለህ። ጨዋታው በራሱ ኃጢአት ነው አልልህም፤ ዓይንን ያቀናል፥ ትዕግሥትንም ያስተምራልና። ነገር ግን ባሸነፍህ ጊዜ ያሸነፈው ማን ነው? ችሎታህ ነውን ወይስ ዕድልህ?

መልሱ እንደ ጨዋታው ሕግ ነው። «ዘጠኝ ኳስ» በሚባለው በተለመደው ሕግ፥ ነጯ ኳስ በቍጥር የምታንሰውን አስቀድማ ከነካች፥ ሳታስባት የገባች ኳስ ሁሉ ትያዝልሃለች፤ 9 ቍጥር ራሷ በአጋጣሚ ብትገባ ድሉ የአንተ ነው። በዓለም አቀፉ የ«ስምንት ኳስ» ሕግ ግን ኳሷንና ቀዳዳውን አስቀድመህ ትናገራለህ፤ የተናገርኸው ሳይገባ ሌላው ቢገባ ተራው ያልፋል። የፊተኛው ለዕድል በር ይከፍታል፥ የኋለኛው ያጠብበዋል።

ደግሞ ስሌቱን ተመልከት። ከ100 ጨዋታ 60ውን የሚያሸንፍ ብርቱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቢገጥም፥ ደካማው ከ100 40 ጊዜ ይረታዋል። አስቀድሞ 5 ጨዋታ ያሸነፈ ይርታ ቢባል ግን የብርቱው ድል ወደ 73 ይደርሳል፤ 9 ቢባል ወደ 80። ዕድል በአጭር ይጮኻል፥ ችሎታ በረዥም ይታወቃል።

እንግዲህ በአንድ ጨዋታ ገንዘብ የሚያሲዝ ሰው ዕድል በሠለጠነበት ሰዓት ኪሱን ይከፍታል። ሲያሸንፍ «ችሎታዬ ነው» ይላል፤ ሲሸነፍ «ዕድሌ ከዳኝ» ብሎ፥ ያን ለማስመለስ ከገጠር የተላከለትን የትምህርት ገንዘብ ይጨምራል። ይህ ራስን መዋሸት ነው።

ብርቱውም አይመካ። በዕድል ረትተህ እንደ ሆነ ያልደከምህበትን ወሰድህ፤ በችሎታ ረትተህ እንደ ሆነ የባልንጀራህን ድካም አስቀድመህ እያወቅህ እንጀራውን ወሰድህ። ከሁለቱ በየትኛው ትጸድቃለህ?

ሐዋርያትም በይሁዳ ስፍራ ማትያስን ሲተኩ ዕጣ ጥለዋል፤ ነገር ግን ጸልየው፥ ለአገልግሎት ነው። ከመስቀሉ በታች ያሉት ወታደሮች ዕጣ የጣሉት የሌላውን ልብስ ሊወስዱ ነው። የአንተ የትኛውን ይመስላል?

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ ያለ ገንዘብ ተጫወት፤ የምትመታትን አስቀድመህ ተናገር፤ በአጋጣሚ የገባችልህን «ዕድል ናት» ብለህ በአፍህ መስክር፤ የጠረጴዛውንም ኪራይ ተሸናፊው ላይ ሳትጥል እኩል ክፈል። በትንሹ ጠረጴዛ ላይ እውነትን የለመደ በሱቁና በቢሮው አይዋሽምና።