የመሥራች አባቶች ውለታና የተራው ሰው ድርሻ

መሥራች አባቶች ለልጅ ልጆቻቸው ኩራትም ዕዳም ያወርሳሉ። ኩራቱን ማንም በደስታ ይወርሳል፤ ዕዳው ግን ከፋይ ይፈልጋል። ውለታውን የዋሉት ሰዎች ስለሞቱ ብድራቸውን ለራሳቸው መመለስ አይቻልም። የሚከፈለው ዛሬ ለተቸገረው ሰው ነው። መሥራቾችን ማሰብ ተራውን ሰው ወደ መረዳዳት የሚመራው ይህ ዕዳ ሲሰማው ነው።

ለምሳሌ የአዊ ሕዝብ ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ብሎ ይጠራል። በትውፊቱ መሠረት ከሰሜን፣ ከላስታና ከዋግ በኩል የመጡ ሰባት ወንድማማቾች አገሩን አቀኑ፤ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ይባላሉ። ስማቸው የሰፈሩበት አገር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ አዘና ዛሬም የከተማ ስም ነው። የትውፊቱ ሥነ ምግባራዊ ጉልበት ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎችን ወንድማማች ማድረጉ ነው። ወንድም ደግሞ በለቅሶ ይደርሳል፣ እህሉ ሳይነሣ ዝናብ እንዳይቀድመው በደቦ ያግዛል።

ይህን መንፈስ በማኅበር መልክ የያዘው በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በዓድዋ ጦርነትና በኋላም በአምስቱ ዓመት የጣልያን ወረራ ጊዜ የተዋደቁ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ያስባል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በፈረስ ጉግስና በግልቢያ በዓሉን ያከብራል። በአዊ ፈረስ ሞፈርና ቀንበር ተጭኖበት መሬት ያርሳል፤ በበዓል ቀን ደግሞ በግላስና በተሸለመ ልጓም ይወጣል። የአርበኛው መታሰቢያ የሆነው እንስሳ የገበሬው የዕለት ሥራ አጋርም ስለሆነ፣ ጀግንነቱ ከተራው ሰው ኑሮ የራቀ አይደለም። ፈረሰኞቹ ሙሽራ ያጅባሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የተጣላም ያስታርቃሉ።

ታላቅ ታሪክ ሁልጊዜ ሰውን ለሥራ አያነሣም፤ «እኔ ማን ነኝና!» የሚያሰኝበት ጊዜም አለ። ለዚህ መፍትሔው ግዴታን በአቅም መመደብ ነው። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም ለዓድዋ ጦርነት ያስነገሩት የክተት አዋጅ ጉልበት ያለው በጉልበቱ እንዲረዳ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በሐዘንና በጸሎት እንዲያግዝ ጠይቋል። ወስልቶ የቀረውን ግን እንደሚቀጣ አስፈራርቷል። ስለዚህ አዋጁ ፍርሃትንም ፍቅርንም ይዟል። ከጦርነቱ በኋላ የዘለቀው ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ እንዳለ ማስተማሩ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የእርዳታው ወሰን ነው። በአንድ አባት ልጅነት የተመሠረተ መረዳዳት የአባቱ ልጅ ያልሆነውን ሊያስቀር ይችላል። በ2013 ዓ.ም በመተከል በተነሣው ግጭት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ አዊ ዞን ገቡ፤ ብዙዎቹ ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፈሩ። መተከል ከሰባቱ ወንድማማቾች የአንዱ ስም ነው፤ ከተፈናቃዮቹ መካከል ግን አገው ያልሆኑም ነበሩ። የትውልድ ቆጠራ ለእነዚህ መልስ የለውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ግን መልስ አለው። በመንገድ ላይ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው የምሕረት ሥራ የሠራለት ነው፤ የዘር ሐረግ አልተጠየቀም።

መሥራቾች ፍጹማን አለመሆናቸውም መታሰብ አለበት። ምኒልክን አንዱ የነጻነት አባት ሲላቸው ሌላው በግዛት ማስፋፋቱ ጦርነቶች ይወቅሳቸዋል። ሰውየውን እንዳለ መቅዳት ጥፋቱንም መውረስ ነው። ሥራውን መርጦ መከተል ግን ጥፋቱን ሳይሸፋፍኑ ደግነቱን ለማስቀጠል ያስችላል።

ስለዚህ የመሥራቾች መታሰቢያ ተራውን ሰው ለበጎ ሥራ የሚያነሣው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ግዴታው በአቅም ሲመደብ፣ እንደ ማኅበርና እንደ ደቦ ያለ የዘወትር መሣሪያ ሲኖረው፣ ውለታውም ከአባቱ ልጆች አልፎ ለእንግዳው ሲደርስ። ሦስተኛው ከጎደለ መታሰቢያው ወደ ዘመድ መጠቃቀም ይወርዳል።