እንጀራና ዜማ

በአማርኛ «እንጀራ» የሚለው ቃል ከምጣድ የሚወጣውን ምግብ ብቻ ሳይሆን ሰው ኑሮውን የሚገፋበትን ሥራም ሲጠራ፣ «ሙያ» የሚለው ደግሞ ሰው የተካነበትንና የሚከበርበትን ጥበብ ያመለክታል። ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ የሚነሣ ጥያቄ የለም። ጥያቄው የሚነሣው ዜማ የተሰጠው ሰው ዝናን እየተመኘ፣ ዕድሜውን ግን ዕድገት በሌለው፣ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ሥራ ሲገፋ ነው። ይህ ሰው ስጦታውን አባክኗልን?

በሰሜን ሸዋ ካለው ከመንዝና ከግሼ ደጋ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ወጣት ይህን ጥያቄ ራሱን ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተነገረው የመክሊት ምሳሌ ነው። መክሊት በጥንቱ ዘመን የብርና የወርቅ ክብደት መለኪያ የነበረ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ከዚህ ምሳሌ የተነሣ ተሰጥዖ የሚል ትርጉም ይዟል። ብዙዎች ምሳሌውን የሚያነቡት «ያላተረፈ ተጣለ» ብለው ነው። ነገሩ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ጌታው አምስት ተቀብሎ አምስት ያተረፈውንና ሁለት ተቀብሎ ሁለት ያተረፈውን ያመሰገነበት ቃል አንድ ነው፤ ብዙ ያተረፈ የበለጠ አልተመሰገነም። የተወቀሰው ሦስተኛው ሲሆን፣ እርሱም የተወቀሰው ፈርቶ መክሊቱን ስለ ቀበረ እንጂ ትርፉ ስላነሰ አይደለም። እንግዲህ ታዋቂ ባለመሆኑ ያፈረ ሰው መሰንቆውን ሰቅሎ ከተወው፣ መክሊቱን የቀበረው ያ የናቀው የቀን ሥራ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው።

ዜማን ከዝና ለይቶ ማየት ለዚህ ደጋ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በሸዋ ላሊበሎች ተብለው የሚታወቁት ዘማሪዎች፣ ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ ጎሕ ሳይቀድ ከሰው ደጅ ይቆማሉ፤ የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ባልየው እያሞገሰ ሲያዜም ሚስቲቱ ቃል በሌለው ድምፅ ትቀበለዋለች፤ ምጽዋታቸውን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ደግሞ በሌላው ጊዜ ገበሬዎች ናቸው። ከእነርሱ ወገን ማዜም ያቆመ በቁምጥና ይመታል የሚለው የቆየ እምነት ብዙዎችን ለንቀትና ለመገለል ዳርጓልና ሊወደስ አይገባውም፤ ነገር ግን በውስጡ ሊናቅ የማይገባው አንድ አስተሳሰብ አለ፦ ዜማ ሰው የሚከፍለው ዕዳ ነው፤ ሰሚው ደጁን ባይከፍትም እንኳ ዕዳው አይቀርም። በበዓል ዋዜማ ሌሊቱን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ሊቃውንትም ከዚህ አይርቁም።

ይህን በዘመናዊው ሙዚቃ ውስጥ ለማየት ከዚያው ከሰሜን ሸዋ የወጡትን ኃይሉ መርጊያን መመልከት ይበቃል። እኚህ ሙዚቀኛ በ1946 እ.ኤ.አ. በደብረ ብርሃን ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ አኮርዲዮንን በራሳቸው ጥረት ከተማሩ በኋላ በሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ በኪቦርድ ተጫዋችነት ስም አገኙ። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሲጓዝ አብረው ሄደው በዚያው ቀሩ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀዱ፤ ከዚያ በኋላ ግን መድረኩ እየራቀ ሄዶ ኑሯቸው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ሆነ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ፣ በባትሪ የሚሠራውን ኪቦርድ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ኪቦርዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መንገደኛው ሾፌሩን እንጂ ሙዚቀኛውን አያይም።

ኃይሉ መርጊያ ኋላ እንደገና ታወቁ፤ ነገር ግን የዚህ ሕይወት ትምህርት «የታገሠ ዝና ያገኛል» የሚል ከሆነ ነገሩ ተበላሸ፤ ምክንያቱም ታግሠው ሳይታወቁ የሞቱ ብዙዎች ናቸው፤ የእነርሱም ልምምድ ከንቱ አይባልም። ክብደቱ ያለው ማንም ሰሚ ባልነበረበት በዚያ የኋላ ወንበር ላይ ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አነጋገርም እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል፤ ዝም ማሰኛ ሆኖ ሲነገር ግን ይጎዳል፤ በልብ ያለ ሙያ ካልተሠራበት ይዝላልና።

ድህነትን ማመስገንም አይገባም። የታክሲ ተራ ክፍተት ነበረው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የሚሸከም፣ ማታ ሲገባ ጣቱ መሰንቆ ለመያዝ የማይታዘዝለት ወጣት ግን ክፍተት የለውም። ስለዚህ መክሊት ያለው ሰው እንጀራ ሲመርጥ፣ ምርጫ ካለው፣ ከደመወዙ ጋር የሚተርፈውን ሰዓትም ይቁጠር፤ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» እያለ የሚያሸማቅቀው ዘመድም ያቺን የተረፈች አንድ ሰዓት አይንጠቀው።

የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተሰማ፤ «ላላ በሉ» የተሰኘው አዲስ አልበማቸውም በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ታክሲውን ግን ገና ይነዱ ነበር።