ያልፈረምነው ውል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአበው ብሂል ሥልጣንን ከሰው ጥያቄ በላይ ያደርገዋል። በእርግጥ ሰው በባሕርዩ ማኅበራዊ በመሆኑ ሥርዓትም ሥርዓት አስከባሪም ያስፈልገዋል። ነገር ግን የሚታዘዘው ከፍርሃት የተነሣ ብቻ ነውን? ወይስ በገዥና በተገዥ መካከል አንዳች ውል አለ?

በዚህ ጥያቄ ላይ የምዕራብ ፈላስፎች ብዙ ደክመዋል። ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651፣ ሕዝብ ሰላምን ለማግኘት ሲል መብቱን ለገዥ አሳልፎ ይሰጣል አለ። ሎክ በ1689፣ ሥልጣን አደራ ነው፤ አደራውን የበላ ገዥ ሥልጣኑን ያጣል ሲል ተከራከረ። ሩሶም በ1762 ሉዓላዊነት ከሕዝብ እጅ ከቶ እንደማይወጣ አስተማረ። ሂዩም ግን ከሩሶ አስቀድሞ በ1748 ይህን አሳብ ተቃውሞ ነበር። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ውል የፈረመ የለምና። ታዲያ ያልፈረምነው ውል እንዴት ያስረናል?

መልሱን የሚጠቁም ታሪክ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 እናገኛለን። እስራኤል ሮብዓምን ሊያነግሡ በሴኬም በተሰበሰቡ ጊዜ ዙፋኑን አልከለከሉትም፤ አባቱ ሰሎሞን የጫነባቸውን ቀንበር እንዲያቀልላቸው ብቻ ለመኑት። ሽማግሌዎቹ ለሕዝቡ አገልጋይ እንዲሆን መከሩት፤ እርሱ ግን አብሮ አደጎቹን ሰምቶ ቀንበሩን አከብዳለሁ አለ። ዐሥሩ ነገድም ተለዩት። ሕዝቡ ከባዱን ቀንበር በሰሎሞን ዘመን ተሸክሞት ኖሯል፤ መለያየትን ያመጣው ንጉሡ አልሰማም ማለቱ ነው። እንግዲህ ውሉ በጥንት ፊርማ የቆመ ሳይሆን በየዕለቱ በመጠየቅና በመመለስ የሚታደስ ነው።

በአገራችን የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ለሕዝቡ የተሰጠ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ግን በአንቀጽ 8 ሉዓላዊ ሥልጣን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆኑን፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለ ሥልጣን ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ከብሂሉ እስከዚህ ድንጋጌ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሆኖም ጽሑፍ ውልን ይመሰክራል እንጂ አይፈጽምም።

መፈጸም የሁለቱም ወገን ዕዳ ነው። ጉዳዩ እንዲቀናለት ጉቦ የሚሰጥ፣ ጎረቤቱ ሲበደል እያየ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ውሉን ከበደለኛው ሹም ጋር ሆኖ ያፈርሳል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13፣ ቅጣትን ፈርተን ብቻ ሳይሆን ስለ ሕሊናም እንድንታዘዝ ያስተምረናል። ስለ ሕሊናው የሚታዘዝ ሰው ደግሞ ግፍ እንዲሠራ ሲታዘዝ በዚያው ሕሊናው እምቢ ይላል።

ገዥ ካልሰማ፣ ሕዝብም እውነቱን ካልተናገረ፣ የአገር ነገር ውሉ እንደ ጠፋ ልቃቂት ይሆናል፤ የሚጎትተው ሲበዛ የባሰ ይተበተባል። ስለዚህ የሾምናቸው እንዲሰሙን ስንጠይቅ፣ እኛም ያለ ፍርሃትና ያለ ሐሰት መናገርን እንልመድ።